ለጅማ ሶሌታ ጣሪያ፦ አዲስ ሬንጅ ወይስ ከአሮጌ ጎማና ከተቃጠለ ዘይት የተሠራ?

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብባት ጅማ ሶሌታ ያስሞላ ሰው ውኃ መከላከያ ሲገዛ፣ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሬንጁ ውስጥ ምን እንደገባና የት እንደተቀላቀለ ነው። ምርጫው በአብዛኛው ሦስት ነው፤ በፋብሪካ የተጠናከረ አዲስ ሬንጅ በጥቅል፣ የተፈጨ አሮጌ የመኪና ጎማ የገባበት ጥቅል፣ እንዲሁም በተቃጠለ የሞተር ዘይት የለሰለሰ የበርሜል ቅብ።

ከአዲሶቹ መካከል ሰው ሠራሽ ጎማ የተቀላቀለበት ኤስቢኤስ (SBS) የሚባለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርድ ላይ እንኳ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። እንዲህ ያለ ሌሊት ጅማ ስለማታውቅ፣ ሶሌታው የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ከሌለው ሙቀትንና ፀሐይን በተሻለ የሚችለው፣ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ኤፒፒ (APP) ይበቃል።

የጎማ ዱቄት የገባበትን ብዙ ሰው «ቆሻሻ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ግን ስህተት ይመስለኛል። ጎማው ለሬንጁ የመለጠጥ ኃይል ይሰጠዋል፣ በውስጡ ያለው ጥቁር ካርቦንም የፀሐይን ጨረር ይከላከላል። ችግሩ የሚመጣው ዱቄቱ በ180 ዲግሪ አካባቢ በቂ ጊዜ ሳይታሽ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ከሬንጁ ጋር ሳይዋሐድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከጥቅሉ ጫፍ ቁራጭ አስቆርጠው የተቆረጠውን ጎን በጥፍር ይፋቁት፤ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ከረገፈ አይግዙት፣ እንደ አንድ አካል ተይዞ ከተለጠጠ ግን ከአዲሱ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

በተቃጠለው ዘይት ላይ ግን አቋሜ የጠበቀ ነው። በእርግጥ ደረቅ ሬንጅ ያለሰልሳል፣ ዋጋም ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ ሬንጁ ከኮንክሪቱ ጋር ያለውን መያያዝ ያላላል፣ ከሞተር የታጠቡ ብረቶችንም ይዞ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቅብ የተቀባ አንድ የጎረቤት ጣሪያ ላይ በጥር ፀሐይ ወጥቼ የጫማዬ ሶል ተጣብቆ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ከአሸንዳው ወደ ሮቶው የወረደው ውኃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል የዘይት ሽፋን ተንሳፍፎ አይቻለሁ። ልጆች ያሉበት ቤት የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም ከሆነ ይህን ቅብ ፈጽሞ አልመክርም።

የትኛውንም ጥቅል ቢመርጡ፣ ሥራው ሶሌታው በደረቀበት በበጋ ይሁን፤ አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ የሚደረብበት ስፋት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይለኩ፤ ክፍያውንም ጣሪያው ላይ ውኃ ለ48 ሰዓት ታቁሮ ከታች ጠብታ አለመታየቱን ካረጋገጡ በኋላ ይጨርሱ።