አክራ ወይስ ዳካር? እኔ ወደ ዳካር አደላለሁ

"ምዕራብ አፍሪካ ልዞር ነው፣ አክራ ይሻላል ዳካር?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል። መልሴ የሴኔጋሏ ዳካር ነው። የጋናዋ አክራ ላይ እንግሊዝኛ አለ፣ ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በቀጥታ ይበራል። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ ትኬቱን ይቆርጣል። ወጪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋና ድረስ ሄዶ የባሪያ ንግድ ምሽጎቹን ሳያይ መመለስ የሚፈልግ የለም። ኤልሚናና ኬፕ ኮስት ግን ከአክራ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፣ መንገድ ላይ ያለችው ካሶዋ ከተማ ላይ ከተዘጋጋ ደግሞ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ወይ መኪና ከነሾፌሩ ትከራያላችሁ፣ ወይ በአውቶቡስ ሄዳችሁ እዚያው ታድራላችሁ። ሁለቱም ኪስ ይጎዳል። ዳካር ላይ ግን የባሪያ ንግድ ታሪክ ያለባት ጎሬ ደሴት ከወደቡ በጀልባ 20 ደቂቃ ናት። ለውጭ አገር ጎብኚ ደርሶ መልስ 5,200 ፍራንክ ያስከፍላሉ፣ ስምንት ዩሮ አካባቢ። አፍሪካ ውስጥ ለሚኖር ሰው ስለሚቀንስ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

የሴኔጋል ገንዘብ ሴኤፍኤ ፍራንክ ምንዛሪው ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዩሮ 655.957 ፍራንክ፣ አለቀ። ቤት ቁጭ ብላችሁ የሠራችሁት ሒሳብ ዳካርም ይሠራል። የጋናው ገንዘብ ሴዲ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ክፉኛ ወደቀ፣ በ2025 ደግሞ መልሶ ጠነከረ፣ ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት ሄዶ የመጣ ሰው የሚነግራችሁን ዋጋ እርሱት። ዲሴምበር ላይማ ዲያስፖራው ግልብጥ ብሎ ስለሚገባ የአክራ አልጋ አይቀመስም።

የጋናን ባህላዊ ሽመና ኬንቴን ልግዛ የምትሉ ደግሞ ልብ በሉ። አንዱ ወዳጄ "በእጅ የተሸመነ ነው" ተብሎ ደህና ብር ከፍሎ ያመጣው፣ ፋብሪካ ያተመው ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ገልብጡት። የታተመው ጀርባው ደብዝዞ ነጣ ይላል፣ የተሸመነው ግን ከኋላም ክሩና ቀለሙ ደማቅ ነው። ቀጥሎ ስፌቱን ፈልጉ፤ እውነተኛው ኬንቴ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው ነው የሚሠራው። ሻጩ "አትንካው" ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ዳካር እንከን የለውም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ኤርፖርት ከመሀል ከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ሌሊት ከደረሳችሁ ለታክሲ 20,000 ፍራንክ አካባቢ መድቡ። እንዲያውም አንድ ሰው ሆናችሁ ከሄዳችሁ የሚያማችሁ ይሄ ነው። ከተማ ውስጥ ታክሲው ቆጣሪ የለውም፣ ሳትገቡ ተስማሙ። ፈረንሳይኛ ወይ ወሎፍ የማይችል ሰው ጣቱን እየቀሰረ ይከራከራል፣ እሱም ያስቃል እንጂ አይገድልም።

ምግብ ላይ አልሟገትም፤ ዓሣና ሩዝ ከወደዳችሁ ዳካር ላይ ቼቡጄን የሚሉትን ብሉ። ካፌ ቱባ የሚሉት ቡና ቅመሙ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ ጤና አዳም የለመደ ሰው ግን አይደነግጥም።

አክራ ለማን ይሆናል? ኦሱ በሚባለው የአክራ ሰፈር ሌሊቱን መዝናናት ለሚፈልግና በእንግሊዝኛ ካልተግባባ ለሚጨንቀው። ያኔም ከዲሴምበር ውጭ፣ በትልልቅ የዶላር ኖቶች። ትንንሾቹን ምንዛሪ ቤቶቹ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚቀበሏችሁ። ለዳካር ዩሮ ያዙ።