የወንድሜን ይግባኝ የያዙልን ጠበቃ፦ ከ5 ኮከብ 4

ቢሯቸው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬን ደግፌ እያሳረፍኩ ነው የወጣነው። ስሜን አታውጪ ስላሉኝ አልጽፈውም። ስለ ሥራቸው ግን ልናገር፤ እንደኛ ጠበቃ ፍለጋ የሚንከራተት ቤተሰብ ብዙ ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 2:40 ላይ አንድ ነጋዴ አውቶብስ ተራ አካባቢ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ገንዘቡን ተቀምቶ፣ በስለት ተወግቶ ሞተ። ነፍሱን ይማር። ልጆቹን ችሎት ላይ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ሰዓት አየር ጤና ዳቦ ቤት ውስጥ የማታ ተረኛ ነበር። በአንዲት ጉልት ሻጭ ቃል ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 671(2) በከባድ ውንብድና ጥፋተኛ ተባለ። ውንብድናው ሰው ከገደለ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የመጀመሪያው ጠበቃችን መከላከያ ምስክር ብሎ የቆጠረው እማዬን፣ እኔንና የአክስታችንን ልጅ ነው። ሦስታችንም “ልክ 2:40 ላይ እዚያው ነበር” አልን፣ አንዲት ቃል ሳናዛንፍ። ጠንካራ የሆንን መስሎን! ዐቃቤ ሕጉ “ሰዓቱን በምን አወቅሽ?” ሲለኝ ተንተባተብኩ። እራቱን በምሳ ዕቃ ይዤለት ሄጄ ነው፣ ሰዓት ማን ያያል? ፍርዱ ላይ “የቅርብ ዘመዶች ናቸው” ተብለን በሁለት መስመር ታለፍን።

አዲሱ ጠበቃ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቁን “ፍርዱ ከተሰጠ ስንት ቀኑ ነው?” ብለው ነው። 11 ቀን ሆኖት ነበር። የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ መግባት እንዳለበት ያኔ ነው የሰማሁት። የዚያኑ ቀን አስገቡ። ዝርዝር ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

እኔ ወንድሜ የት እንደነበር ላስረዳቸው ተዘጋጅቼ ነበር። “እሱ ይቆየን፣ እኅቴ” ብለው የጉልት ሻጯን የምስክርነት ቃል በእርሳስ እያሰመሩ አነበቡልኝ። ርቀቱ 25 ሜትር ገደማ። መብራቱ አንድ የሱቅ አምፖል፣ እሱም ከሰውየው ጀርባ። “ኮፍያ አጥልቆ ነበር፣ በአካሄዱ ነው የለየሁት” ትላለች። ከዚያ ማታ በፊት ግን አይታው አታውቅም። የለየችው ከ19 ቀን በኋላ ጣቢያ ውስጥ ሲሆን፣ ከተደረደሩት 6 ሰዎች ጸጉሩን ተላጭቶ የቆመው ወንድሜ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ተኝቷል! “ዋሸች አልልም፤ ከልቧ እርግጠኛ ናት። የምከራከረው ማየት ትችል ነበር ወይ በሚለው ነው” አሉኝ።

ከዚያ የቴሌብር መልእክቱ መጣ። ወንድሜ ያን ማታ ከዳቦ ቤቱ ጎን ካለው ሱቅ ስኳር ገዝቶ ከፍሏል። የፊተኛው ጠበቃ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አያይዞት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፈበትም። መልእክቱ የሚለው 23/10/2023፣ 20:47 ነው። ክሱ የሚለው ጥቅምት 12፣ ምሽት 2:40። በፈረንጅና በሐበሻ አቆጣጠር ተጽፈው ለሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዲሱ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስተያይተው አስገቡ። ልዩነቱ 7 ደቂቃ ነው፤ በ7 ደቂቃ ከአውቶብስ ተራ አየር ጤና የሚያደርስ ታክሲ ካለ ይጠቁሙኝ።

አላጋነኑልኝም። “መልእክቱ የሚያሳየው ስልኩ እንደከፈለ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ነበር ሊሉን ይችላሉ” ብለው ባለሱቁ በተጨማሪ ማስረጃነት እንዲሰማልን አመለከቱ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ፍርዱ አስተምሮናል።

ዋጋቸው 60,000 ብር ነው፣ በሁለት ዙር፣ በደረሰኝ። ፎቶ ኮፒ በእኛ። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ለስልካቸው ነው፦ አያነሱም። ቀጠሮ መቀየሩን ችሎት ደርሼ ያወቅሁበት ቀን አለ፣ እማዬን ከነክራንቿ ይዤ።

ባለፈው ሳምንት ይግባኝ ሰሚው “ያስቀርባል” ብሏል፣ ማለትም ይግባኙ ይታያል፤ ዐቃቤ ሕግ መልስ ይዞ እንዲቀርብ ታዟል። እማዬ ቃሉን ሰምታ “ተፈታ ማለት ነው?” አለች። ጠበቃው መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ገና እንዳልሆነ ቀስ ብለው አስረዷት። ያን ቀን ስልካቸው ሦስቴ ጮኸ፣ አላነሱትም።