ክትባትሽን አልቀበልም ስላለችኝ ፋርማሲስት (ባህር ዳር)

ሰሞኑን ለልጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አራት ጊዜ ስለተመላለስኩበት የሆስፒታል ፋርማሲ ነው የምጽፈው። ከተማችን ካሉት የመንግስት ሆስፒታሎች አንዱ ነው፣ የማማርረውም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሆነን የ7 ዓመት ልጄን ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱ ላይ ነከሰው፣ ደማ። ውሻው ወዲያው ተሰወረ፣ ያብድ እንደሆነ አስረን 10 ቀን እንዳናየው። ቤት ወስጄ በሳሙናና በቧንቧ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩለት፣ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ድሮ ነግራን ስለነበር። ጎረቤቶቼ የሀገር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ ወደሱ ውሰጂው አሉኝ፣ አዝነውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

ሆስፒታል ላይኖር ይችላል ስላሉኝ መንገድ ላይ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ገብቼ ክትባቱን ገዛሁ። ሻጩ ከውሃና ከለስላሳ ጋር ከተደረደረበት ፍሪጅ አውጥቶ በፌስታል ሰጠኝ፣ ሌላ ምንም አላለኝም። ፌስታሉን ይዤ ባጃጅ፣ ከዛ ካርድ ክፍል ወረፋ፣ ከዛ ሐኪም፣ በዛ ፀሐይ፣ በቃ ሁለት ሰዓት አለፈ። መርፌ ክፍል ስደርስ ነርሷ አየችውና መጀመሪያ ፋርማሲ አሳዪው ብላ መለሰችኝ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ገና ወጣት ናት። «የኔ እናት፣ ከፍሪጅ ስንት ሰዓት ላይ ወጣ?» አለችኝ። 8 ሰዓት ገደማ አልኳት። «በምን ይዘሽው መጣሽ?» ፌስታሉን አሳየኋት። «ይሄን ልጅሽ እንዲወጋ መፍቀድ አልችልም» አለችኝ። እውነቱን ልናገር ጮህኩባት፣ ልጄ እየደማ ገንዘቤን ከፍዬ ገዝቼ እንዴት አልቀበልም ትያለሽ ብዬ። አልተቆጣችም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት እንዳለበት፣ ሙቀት ቢነካው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄት መልኩ እንደማይለወጥ ነገረችኝ፣ «መውጋቱ ቀላል ነው፣ ግን ይሰራ አይሰራ በዓይን አይታወቅም፣ ለዚህ በሽታ ደግሞ እንሞክረው አይባልም» አለች። ከራሳቸው ፍሪጅ አውጥታ ሰጠችኝ። ፍሪጁ ውስጥ ክትባትና ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው፣ ቴርሞሜትር አለው፣ በሩ ላይ ጠዋትና ማታ ዲግሪው የሚጻፍበት ወረቀት ተለጥፏል። መብራት ሲሄድስ ብዬ ጠየቅኳት (የባህር ዳርን መብራት ታውቃላችሁ)፣ ጀነሬተር እስኪነሳ በሩ አይከፈትም አለችኝ።

ከኋላዬ ከዘጌ ልጁን ይዞ በጀልባ የመጣ አባት ነበር፣ የቀረውን ክትባት ሁሉ በአንዴ ስጡኝና እዛው ጤና ጣቢያ ይወጉልኛል አለ፣ በየቀጠሮው የጀልባ ስለከበደው፣ እሱም እውነቱን ነው። አይቻልም ብላ አላባረረችውም፣ ጤና ጣቢያው ጋ ደውላ ፍሪጃቸው እንደሚሰራ አጣርታ የክትባት መያዣ ሳጥን ከህጻናት ክትባት ክፍል አስመጣችለት። በረዶውን (ውሃ ተሞልቶበት ፍሪዘር ውስጥ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ነው) ግን ወዲያው አልከተተችም፣ ውጭ አስቀመጠችውና እየቆየች ትነቀንቀዋለች፣ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ በኋላ ነው የከተተችው። ይሄ ክትባት ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶ እንዲሰራም አይፈቀድም፣ ከፍሪዘር ገና የወጣ በረዶ ከነካው አብሮት ያለው መበጥበጫ ውሃ በረዶ ሊሰራ ይችላል ማለት ነው። ይህን እስከዛሬ አላውቅም ነበር፣ ስንቱ ሰው በረዶ እስከበዛ ጥሩ ነው ብሎ ይዞ ሄዷል።

ለልጄ ቁስል ኦግመንቲን ሽሮፕ (የፔኒሲሊን ዘር የሆነ አንቲባዮቲክ) ታዞለት ነበር፣ ማዘዣው ላይ ኪሎው ስላልተጻፈ ሐኪሙ ጋ መለሰችን። ያኔም ተናድጄ ነበር ግን የልጅ መጠን በኪሎ ነው የሚሰላው። ፔኒሲሊን ተወግቶ ወይ ወስዶ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ ጨምሬ እንድበጠብጠው፣ ፍሪጅ ውስጥ እንዳስቀምጠውና ከ7 ቀን በኋላ የተረፈውን እንድደፋው በራሴ አፍ አስደገመችኝ።

መርፌ ክፍልም ጎበዞች ናቸው። ሲሪንጁን ፊቴ ከላስቲኩ አወጡት፣ ክንዱ ላይ ነው የወጉት እንጂ መቀመጫው ላይ አይደለም፣ መርፌውን ክዳን ሳይመልሱ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ከተቱት፣ ከዛ 30 ደቂቃ ሳትቆዩ አትሄዱም አሉን፣ አለርጂ ቢነሳ አድሬናሊኑ እዛው ነው።

የማማርረው። ቁስሉ ደምቶ ስለነበር ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን (ክትባቱ መስራት እስኪጀምር ቫይረሱን የሚከላከል ዝግጁ መድኃኒት) ያስፈልገው ነበር፣ እሱ አልነበረም። ከመጀመሪያው ክትባት እስከ 7 ቀን ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል ነግራኝ ቦታ ጠቁማኝ በነጋታው አገኘሁ፣ ግን ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄ መድኃኒት ከሆስፒታል ሊጠፋ አይገባም። ክፍያው አንድ ህንጻ ፋርማሲው ሌላ ህንጻ፣ የታመመ ሰው ይንከራተታል። ከሁሉም ያበሳጨኝ መጠበቂያው ነው፣ የሚያስለው ሰው ሁሉ የ9 ወር ልጅ ለኩፍኝ ክትባት ይዛ ከመጣች እናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኩፍኝ እኮ ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳን እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። የእጅ መታጠቢያው በሄድኩባቸው አራቱም ቀናት ውሃ አልነበረውም። እባካችሁ አመራሮች ይሄን ካነበባችሁ ሌላው ቢቀር ቧንቧዋን አሰሯት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለመጠበቂያውና ለቧንቧው ነው፣ ፋርማሲው ብቻውን ቢሆን 5 ነበር። የምትሄዱ ሰዎች ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሱ፣ ክትባት ከውጭ ገዝታችሁ አትሂዱ፣ የልጁን ኪሎ እወቁ። የኛ ቀጠሮ 0፣ 3፣ 7፣ 14 እና 28ኛው ቀን ነው፣ ዛሬ አራተኛውን ተወጋ፣ አላለቀሰም። ለ28ኛው ቀን ስንሄድ ለዛች ልጅ የጮህኩባትን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።