የአልፋ ሮሜዮ ጂቲ 1300 ጁኒየር እግርና ፍሬን፦ ከ14 ወር መንዳት በኋላ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1971 አልፋ ሮሜዮ ጂቲ 1300 ጁኒየር ናት። ፍሬኗንና እግሯን (ጎማዎቿን ከአካሏ ጋር የሚያያይዙትን ሞላዎች፣ ሾኮችና ክንዶች) ሙሉ በሙሉ አድሼ መንገድ ላይ ካወጣኋት 14 ወር ሆነ። በእነዚህ ወራት 7,400 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ዝናብ መትቷታል፣ ኮረኮንች ላይ ሄዳለች፣ ረጅም ቁልቁለትም ወርዳለች። እድሳቱ ባለቀ ሰሞን ብጽፍ ኖሮ ሁሉንም ነገር አወድስ ነበር። አሁን የትኛው ዕቃ እንደጸና፣ የትኛው እንዳስቸገረ፣ የትኛውን ሥራ አፍርሼ እንደገና እንደሠራሁ አውቃለሁ።

ለማያውቋት ትንሽ ላስተዋውቃት። ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ ተብላ ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ቅርጿ የወጣው ከጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ድርጅት ከቤርቶኔ ቤት ሲሆን፣ የነደፋት ያኔ ገና ወጣት የነበረው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። የተሠራችው ሚላን አጠገብ፣ አሬሴ በሚገኘው ፋብሪካ ነው። አነስ ያለ ሞተር ያላት ጁኒየር በ1966 ተከተለች። ሞተሯ 1,290 ሲሲ ብቻ ነው። ግን አምስት ማርሽ አላት፤ አራቱም ጎማዎቿ ላይ የዲስክ ፍሬን አላት። በዚያ ዘመን የብዙ መኪና የኋላ ፍሬን ገና ታምቡር ነበር። ስለዚህ የዚህች መኪና ጣዕም ያለው ሞተሯ ላይ ብቻ አይደለም። እግሯና ፍሬኗ ከደከሙ የምትቀረው መልኳ ነው።

እኔ ጋ ስትመጣ እንደዚያ ነበረች። 11 ዓመት ቆማ ነበር። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከፊት ኳ ትላለች። ከኋላ አንድ ጎኗ ዝቅ ብሏል። ከሁሉም የከፋው ፍሬኗ ነው። ፔዳሉን ስረግጥ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ስለቅ ደግሞ ወደ ግራ ትስባለች። አንድ መኪና እንዴት ሁለቱንም ያደርጋል? ብዙ ሰው ካሊፐሩ (በፒስተን የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ነው አለኝ። አንዳንዱም መሪው ነው አለ።

የፊት ግራውን የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ፈትቼ በቢላ ቁመቱን ሰነጠቅኩት። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ከውስጥ ግን ላስቲኩ አብጦ ቀዳዳው የመርፌ ዓይን አክሏል። መልሱ እዚያ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፤ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ዘግይቶም ቢሆን ያልፋል። እስኪያልፍ ድረስ የቀኙ ጎማ ብቻ ይይዛል፤ መኪናዋም ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ ዘይቱን የሚመልሰው የፒስተኑ የላስቲክ ቀለበት ትንሽ መሳሳብ ብቻ ነው። ያ ጉልበት ለጠበበው ቀዳዳ አይበቃም። ዘይቱ እዚያው ይታሰራል፤ የግራው ሸራ ዲስኩን እንደነከሰ ይቀራል። ያቺን የተሰነጠቀች ቱቦ እስካሁን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። አሮጌ መኪና ገዝቶ ካሊፐር ለመለወጥ ለሚጣደፍ ሰው ሁሉ አሳየዋለሁ። ቱቦውን መጀመሪያ ለውጡ።

አንዱ እንዲህ ከሆነ የሌሎቹም ዕድሜ አልቋል። ስለዚህ ቱቦዎቹን በሙሉ ለወጥኩ። የብረት መስመሮቹንም ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ በተሠራ ቱቦ ተካሁ። ይህ ቱቦ በእጅ ይታጠፋል፣ እንደ ተራ ብረትም አይዝግም። የጫፉ አከፋፈት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ጫፍ በተሳሳተ ቅርጽ ከፈትኩ። ዳዶው ጠብቆ እያለ ዘይት ያልበዋል። አጥብቄ ባስረው ይቆማል ብዬ ብሞክርም አልቆመም። ፍሬን ላይ ደግሞ ማላብ ከማፍሰስ አይተናነስም። ቆርጬ እንደገና ሠራኋቸው።

ካሊፐሮቹ ኤቲኢ የተባለው ኩባንያ ሥራ ናቸው። ፒስተኖቹን በአየር ግፊት አስወጣሁ፤ መሃሉ ላይ እንጨት አስገብቼ፣ ጣቴን አርቄ። ከስምንቱ ሦስቱ ዝገት በልቷቸው ስለነበር አዲስ ገዛሁ። ቀለበቶቹንና የአቧራ መከላከያዎቹን ሁሉንም ቀየርኩ። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ነው። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መፍላት የለበትም። እርጥበት ሲጠጣ ግን ይደክማል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ዓመት ሲሞላው ዘይቱን በሙሉ ቀየርኩት። ጠርሙሱ ውስጥ አዲሱንና ከመኪናዋ የወጣውን ጎን ለጎን ሳያቸው የወጣው ጠቆር ብሏል። ለአንድ ዓመት ይህ ከሆነ 11 ዓመት ሲቆም ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አሁን ወደ እግሯ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የመኪናዋን የጣሊያንኛ መመሪያ ስከፍት ግማሹን ቋንቋ አውቀዋለሁ። ሞላው ሞላ ነው። ቡሎኑ ቡሎን፣ ዳዶው ዳዶ፣ ክሪኩ ክሪክ። ፍሬን የምንለው ቃልም ከዚያው ነው የመጣው። ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየሁ ብዙ ገጽ ያለ አስተርጓሚ አነበብኩ።

የፊት እግሯ ከታች ባለ ሦስት ማዕዘን ብራቾ (ክንድ) አላት። ከላይ አንድ አግድም ክንድና አንድ ሰያፍ ዘንግ ይይዟታል። ኋላዋ ድፍን አክስል ነው። ሁለት ረጃጅም ክንዶች ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ ይይዙታል። ዲፈረንሻሉ ጫንቃ ላይ ደግሞ የቲ ቅርጽ ያለው ክንድ አለ፤ እሱ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ሲያዩት ቀላል ነው። የተሠራበት ብልሃት ግን ቀላል አይደለም።

የፊት ሞላ ማውጣት የሚያስፈራ ሥራ ነው፤ መፍራትም ተገቢ ነው። ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ካመለጠ አጥንት ይሰብራል። ከታች የሚደግፈውን ሳህን የሚይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። አጫጭሮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በረጃጅም ባለጥርስ ዘንጎች ተካኋቸው። ከዚያ ዳዶዎቹን ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እየፈታሁ ሳህኑን አወረድኩት። አንድ ጎን ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሞላው መጨረሻ ላይ በእጄ የሚነቀል ሆኖ ወጣ። በዚህ ሥራ ላይ የሚቸኩል ሰው አጠገቤ እንዲቆም አልፈልግም።

ብዙ ሰው ዝቅ የሚያደርጓትን አጫጭር ሞላዎች እንድገጥም መከረኝ። ስትቆም ታምራለች፣ እውነት ነው። እኔ ግን የፋብሪካው ቁመት ያለውን አዲስ ሞላ ገጠምኩ። ይህች መኪና ከፊት ስትወርድ የታችኛው ብራቾ ወደ ላይ ይቀናል፤ አካሏ የሚጋደልበት ማዕከልም ከአካሏ ይበልጥ ወደ ታች ይሸሻል። ውጤቱም ዝቅ ያለች፣ ግን ይበልጥ መጋደል የምትፈልግ መኪና ነው። ያንን ለመግታት ጠንካራ ሞላ፣ ከዚያ ወፍራም ማረጋጊያ ዘንግ እያሉ መቀጠል ነው። አዲሶቹ ሞላዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሰከኑ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሱም።

ሾኮቹ እንደ ጥንቱ የዘይት ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ አያፈሱም።

የተሳሳትኩት ጎሚኒ ላይ ነው፤ ክንዶቹ በቡሎን በሚታሰሩበት ቦታ የሚገባው ለስላሳ ማቀፊያ። የኋላዎቹን ሁለት ረጃጅም ክንዶች ስገጥም ላስቲኩን ትቼ ጠንካራውን የፖሊዩረቴን ጎሚኒ መረጥኩ። ይቆያል፣ አይበላም፣ መኪናዋን ያጠነክራል ተብሎ ነበር። አራት ወር ነዳኋት። ኋላዋ ሻካራ ሆነ። ትንሽ ጉብታ ሁሉ ወንበሬ ድረስ ይመጣል። ዝናብ ከመታት በኋላ ደግሞ እንደ አሮጌ በር ትጮሃለች። እርጥብ መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ቀስ ብሎ ሳይሆን በድንገት ይለቅ ነበር። ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱን ያወቅኩት ክንዱን ፈትቼ አክስሉን በእጄ ሳንቀሳቅስ ነው። መኪናዋ ስትጋደል አንዱ የኋላ ጎማ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። አክስሉ ድፍን ስለሆነ ሁለቱ ክንዶች በየፊናቸው መጠምዘዝ አለባቸው። ያንን መጠምዘዝ የሚችለው ጎሚኒው ብቻ ነው። ጎሚኒው እምቢ ካለ አክስሉ ራሱ እንደ ወፍራም ማረጋጊያ ዘንግ ይሆናል። ለካ የአሬሴ መሐንዲሶች እዚያ ለስላሳ ላስቲክ ያደረጉት ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ላስቲኩ የእግሩ አንድ መገጣጠሚያ ነው። አውጥቼ የፋብሪካውን ዓይነት ላስቲክ መለስኩ። በዚያው ቀን መኪናዋ ሌላ ሆነች። ያቺ ድንገተኛ መንሸራተትም ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

ላስቲክ ስትገጥሙ ግን አንድ ነገር አደራ። ጎሚኒው አይሽከረከርም፤ የሚሠራው እየተጠመዘዘ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እግሯ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል። በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኑን ልል አድርጋችሁ አስገቡ። መኪናዋን በጎማዋ አቁሟት። ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ግፏት፣ ከላይ ተጫኗት። ከዚያ ከታች ገብታችሁ አጥብቁ። መሬት ላይ በጀርባ ተኝቶ ማጥበቅ ምቾት የለውም። ግን የእኔዎቹ ጎሚኒዎች ባለፈው ወር ስፈትሻቸው አንድም የተሰነጠቀ አላገኘሁም።

የኋላ አክስሉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚይዙትን ሁለት ቀበቶዎች አትርሱ። የእኔዎቹ በእጅ ሲነኩ ፈራረሱ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሲበጠሱ ግን አክስሉ ሾኩንና የፍሬን ቱቦውን እየጎተተ ይወርዳል።

በእነዚህ 14 ወራት ከጎሚኒው ሌላ ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው የፊት ቀኝ ፍሬን ጩኸት ነው። በሦስተኛው ወር ጀመረ፤ ቀስ ብዬ ስይዝ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ሸራውን አወጣሁ፣ አጸዳሁ፣ መለስኩ። አልተወውም። በኋላ ነገሩ ገባኝ። የኤቲኢ ፒስተን ፊቱ ሙሉ ክብ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ጎደል ተደርጎ ተቆርጧል። ያ ጎደሎ በ20 ዲግሪ አቅጣጫ መቀመጥ አለበት፤ ሸራው ዲስኩን አንድ ጫፍ ላይ ቀድሞ እንዲነካና እንዳይንቀጠቀጥ ነው። እኔ ስመልሰው አንዱን ፒስተን እንደመጣ አስገብቼው ነበር። ከካርቶን 20 ዲግሪ ቆርጬ፣ እያስተያየሁ አዞርኩት። ፉጨቱ ቆመ።

ሁለተኛው ከአዲሶቹ የታች ቴስቲናዎች (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያዎች) አንዱ ነው። በዘጠነኛው ወር የአቧራ ላስቲኩ ተቀድዶ ግሪሱ ወጥቶ አገኘሁት። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በታች ነው። አሮጌው ኦሪጅናል ቴስቲና ላስቲኩ ደርቆም ቢሆን አልተቀደደም ነበር። ይህ አናደደኝ፤ የእግር ሥራ ላይ ርካሽ ላስቲክ ቦታ የለውም። ሁለቱንም ለወጥኳቸው። አሁን ቴስቲና ስገዛ የብረቱን ሳይሆን የላስቲኩን ውፍረት ነው በጣቴ የምፈትሸው።

ሸራን በተመለከተ፦ ለውድድር የሚሆነውን ጠንካራ ሸራ አትግዙ። ካልጋለ አይዝም፤ ጠዋት የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬኑ አይግልም። ለስላሳው ይሻላል። አዲስ ሸራ ስገጥም ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደጋግሜ እቀንሳለሁ፤ መሃል መሃሉን ፍሬን ሳልነካ ነድቼ አቀዘቅዘዋለሁ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከኋላ ዲስኩ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ታምቡር ነው። ደህና ይይዛል፤ ዳገት ላይ ግን ማርሽ ሳላስገባ ትቻት አልሄድም።

አነዳዷስ? ትጋደላለች። ዛሬ ላይ ከተሠራ መኪና የወረደ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ግን ተጋድላ ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ የትም አትሄድም። የእሷው ዝርያ የሆነችው የውድድሯ ጂቲኤ በድሮ ፎቶዎች ላይ የፊት ውስጠኛ ጎማዋን ከመሬት አንስታ ስትታጠፍ ትታያለች። የእኔዋ እዚያ አትደርስም፤ እኔም አልሞክረውም። መታጠፊያ ከመግባቴ በፊት በቀጥታ መስመር ፍሬን እይዛለሁ፣ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠንከር ይላል፣ መሪው እጄ ላይ ጸጥ ይላል። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አትስብም።

ገና ያልነካሁት የቲ ክንዱን የፊት ጎሚኒዎች ነው። ያኔ ደህና ስለመሰሉኝ ትቻቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ማርሽ ስቀይር ከኋላ አንዲት ቀጭን ቱክ ሰማሁ። ላስቲኮቹን አዝዣለሁ። ሲደርሱ ክንዱን አወርደዋለሁ፤ ቡሎኖቹንም የማጠብቃቸው በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው።