ጅማ ላይ የተከራየሁት ቤትና ያመጣሁት የሙቅ ውሃ ገንዳ

ሰላም ናችሁ፣ ከጀርመን ለ3 ሳምንት ጅማ ደርሼ ነው የተመለስኩት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከአጋሮ አምጥቻት አብረን እንድንሰነብት ኮቺ አካባቢ ቤት ተከራየሁ፣ በአየር የሚነፋ የሙቅ ውሃ ገንዳ (ጃኩዚ በሉት) ደሞ በሻንጣ ይዤ ነበር። ቤቱ አሪፍ ነው፣ ግቢው ሰፊ፣ አከራይዋ እትዬ ጠዋት ጠዋት ቡና ሳይጠሩን አይጠጡም።

እዚያም እዚህም 220 ምናምን ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ ሶኬቱም ይገጥማል፣ ሰክቶ መግባት ነው ብዬ ነበር። (ከአሜሪካ የምትመጡ አትልፉ፣ የናንተ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም።)

ጎረቤት የጠቆመኝ ኤሌክትሪሽያን ልጅ ግን "ጋሼ ቆይ እንዳይሰኩት" ብሎ ሶኬቱን ፈታው። ቢጫና አረንጓዴዋ የኧርዝ ሽቦ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የምትወስደው) ተቆርጣ ከኋላ ታጥፋ ተቀምጣለች! የትም አልታሰረችም፣ ከውጪ ስታየው ግን ባለ ኧርዝ ነው። እናቴን እዛ ውሃ ውስጥ ላስቀምጣት እንደነበር ሳስበው ላብ አጠመቀኝ።

ከዛ ሂሳቡን አሰላልኝ፣ ማሞቂያው 2 ኪሎዋት ነው ወደ 9 አምፔር ይጠጣል፣ ሻወር ቤት ያለው ቦይለር ደሞ 1.5 ኪሎዋት ሆኖ እዛው መስመር ላይ ነው፣ ፓምፑ ሲጨመር 16 አምፔሯን ብሬከር ያልፋታል። የእትዬ ልጅ "በ32 ቀይራት በቃ" አለ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ሳቀ፣ "ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ብትወርድ ደግ፣ ካልወረደች ግድግዳው ውስጥ ነው የሚቃጠለው"። ዲቫይደርም አምጥተው ነበር፣ የተጠቀለለ ቀጭን ገመድ፣ እሱንም እንቢ አለ።

እትዬን አስፈቅደን ከማከፋፈያው ራሱን የቻለ መስመር ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሳበ፣ 16 ብሬከርና ውሃ አካባቢ የግድ የሚያስፈልገውን ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠውን) ገጠመ፣ ግቢው ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ቀበረ፣ የመከላከያዋን ቁልፍ እየተጫነ ቀጭ ስትል አሳየኝ። አንድ ቀን ፈጀ፣ የጠየቀኝ ዋጋም ያሳፍራል፣ ጨመርኩለት። ለኔ ከጉዞው ምርጡ አገልግሎት የሱ ነው።

ገንዳውን በረንዳ ላይ ልዘረጋው ብዬ ነበር፣ 800 ሊትር ማለት 800 ኪሎ መሆኑን ሳስብ መሬት ላይ አወረድኩት። ለመሙላት የሮቶውን ውሃ ስለጨረስነው እትዬ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ከ20 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ማታ ለኩሰነው ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ጠፋ (የግልገል ጊቤ ማመንጫ እዚሁ ዞን ተቀምጦ!)፣ እናቴ ክዳኑ ላይ ጋቢዋን ደርባበት አደረች፣ ጠዋት ለብ ብሎ ነው ያገኘነው።

ልንወጣ ስንል እትዬ "ገንዳህን ውሰድ ልጄ፣ መስመሩን ግን እንዳትነቅልብኝ" አሉኝ።