ቤቴ አጠገብ ጤና ጣቢያ እያለ ሐረጎን የምወጣው

ማክሰኞ ዕለት ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ደሴ ወጥቼ የስድስት ወር መድኃኒቴን ይዤ ተመለስኩ። ሰው ስለበላበት ምግብ ቤት አስተያየቱን ይጽፍ የለ? እኔ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ስለምመላለስበት የኤአርቲ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ክፍል ልጻፍ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ደሴ ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚህ በላይ መተዋወቁ ይቅርብን።

ነገሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ «አጠገብሽ ጤና ጣቢያ እያለ ምን ያንከራትትሻል?» እውነታቸውን ነው። ከሱቄ እስከ ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። መድኃኒቱም ያው ነው፣ እዚያም በነፃ ነው። ድሮ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው ሕክምና ጤና ጣቢያ ድረስ መውረዱ፣ ሐኪም ብቻ ያዘው የነበረውን ነርሶች ሠልጥነው ማዘዛቸው፣ ስንቱን የገጠር ሰው ከመንገድ አሳረፈ። ግን የካርድ ክፍሏ ልጅ የሚዜ ቀሚሷን የሰፋሁላት ናት። ዘበኛው የአከራዬ ወንድም ነው። ላቦራቶሪ ያለው ልጅ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ለሌላው አገልግሎቱ ቀረበ፣ ለእኔ ዓይን ቀረበ። ስለዚህ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐረጎን እወጣለሁ።

ባለቤቴ ያረፈው በ1996 ነው። ያኔ መድኃኒቱ በገንዘብ ነበር፤ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ጥር ነው። የወራቱን ልዩነት ማስላት ትቻለሁ። እኔ ስጀምር ሲዲ ፎሬ፣ በሽታ የሚከላከለው የደም ሕዋስ ቁጥር፣ 112 ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በጣም ካልታመምሽ ወይም ቁጥርሽ ከ200 ካልወረደ «ገና ነሽ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ቁጥር ሳይጠበቅ በዚያው ሰሞን ይጀምራል።

የመድኃኒቱን ለውጥ እኔ የማውቀው በሜትር ነው። የመጀመሪያው ዲ ፎር ቲ የሚሉት ያለበት ነበር፤ ጠዋትና ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቆጥሮ። እግሬን እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ነበር። ጉንጬና ዳሌዬ ሟሸሸ፣ ሆዴ ግን ገፋ። የራሴን ቀሚስ ከታች እያጠበብኩ ከወገቡ አሰፋሁ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ስለካ ክንዷ ቀጥኖ ወገቧ ከሰፋ፣ ምንም ሳልል ቁጥሩን እጽፋለሁ። ቀጥሎ ኤፋቪሬንዝ መጣ፤ በቀን አንዴ ቢሆንም ሌሊቱ ቅዠት ነበር። አሁን የምወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ ሦስቱ መድኃኒት በአንድ ፍሬ የተጨመቀ ነው። አወፈረኝ፤ ቀሚሴን መተርተር ይዣለሁ፣ ይሁን። ረመዳንም ቀለለኝ። ድሮ አሥራ ሁለት ሰዓቱ ከጾሙ ጋር አልገጥም እያለ በሱሁርና በኢፍጣር መካከል ስሳቀቅ እከርም ነበር። አሁን ካፈጠርኩ በኋላ አንዷን እውጣለሁ፣ አበቃ።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የምወደው የስድስት ወሩን ቀጠሮ ነው። በየወሩ ስመላለስ ለደንበኞቼ ያልዋሸሁት ውሸት አልነበረም፦ ክር ልገዛ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ጥርሴን ልነቀል። አንድ ሰው ስንት ጥርስ አለው? አሁን ቫይራል ሎዱ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ዝቅ ብሎ የቆየ ሰው የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ነው። የኔ ከ50 በታች ነው። ሲስተር በቃል ብቻ አላለፈችኝም፣ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። እንዲህ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ ያስረዳችኝም እሷ ናት። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ሽማግሌ ልኮብኝ የነበረን አንድ ሰው ባልመለስኩት ነበር። ይለፍ። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራውንም በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቀን ጨረስኩ፤ ፈሳሽ ቀብተው በዓይን የሚያዩት ነው፣ ቡና እስኪፈላ እንኳ አይቆይም።

ፋርማሲው ያለው ልጅ ጎበዝ ነው። ባለ 90 ፍሬ ሁለት ዕቃ ይሰጠኛል፤ ውስጥ ያለችውን እርጥበት የምትመጥ ነገር እንዳልጥላት ሳያሳስበኝ አያሰናብተኝም። ያላሰቡበት ነገር ድምፁን ነው። ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ሻክ ሻክ ይላል፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። የትከሻ ስፖንጅ ቁራጭ እጠቀጥቅበታለሁ።

በዕቃው ላይ ያለውን ወረቀት ድሮ በሙቅ ውሃ ልጬ ነበር የምጥለው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አንዱን ዕቃ በጡቴ ሸጉጬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ፤ እኔ የተመለስኩት ግን ጥር ላይ ነው። ቤቴ ተዘርፎ ደረሰኝ፤ ሁለተኛውንም ዕቃ ወስደውታል፣ ቪታሚን መስሏቸው ይሆናል። ሆስፒታሉም ከዘረፋው አልተረፈም፤ ካርዴን ከየት ያግኙት? «ምን ነበር የምትወስጂው?» ስባል የማሳየው ወረቀት የለኝም፤ ራሴ ነኝ የላጥኩት። ሲስተር የፍሬውን መልክና መጠን አስነግራ፣ የቀረችኝን ሰባት ፍሬ አይታ ነው የለየችው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ስልጥ አልጥለውም፣ አጥፌ ከመታወቂያዬ ጀርባ አኖረዋለሁ። ለናንተም የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። በ2017 ጥር የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። መድኃኒቱ አልተቋረጠብኝም። የተቋረጠችብኝ አንዲት ሴት ናት። እሷም እንደኔው መድኃኒቱን የምትወስድ ነበረች፤ ሥራዋ አዲስ የሚጀምሩትን ማበርታትና ቀጠሮ ያሳለፈውን መደወል ነበር። በሞትና በሕይወት መካከል ሆኜ ስገባ «አብሽሪ፣ እኔም እንዳንቺ ተደግፌ ነው የገባሁ» ያለችኝ እሷ ናት። የዛሬዎቹ ሲስተሮች ትጉዎች ናቸው፤ አንዷ ግን የሦስት ሰው ሥራ ይዛ ማን ቀረ ማን መጣ ብላ ስልክ አትደውልም። ማክሰኞ ዕለት አንድ ገና የጀመረ ወጣት፣ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ጠፍቶት ሲቆም አየሁ። እኔ ጠጋ ብዬ «አብሽር» አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት አግዳሚ ወንበሩ ነው። ኮሪደር ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚያልፈው ሁሉ በፊታችን ነው የሚያልፈው። ክፍሉ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፣ ግን ደሴ ውስጥ ያን ቁጥር የማያውቅ ማን ነው? ስምም ከነአባት ጮክ ተብሎ ይጠራል። በቁጥር ጥሩን ብዬ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ «እሺ እናቴ» ብለውኛል።

እዚያ ወንበር ላይ ነው አምና አንዲት ደንበኛዬን ያገኘኋት። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ እሷም እንደኔ ሸሽታ ነው የመጣችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፣ እኔ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። ስሟ ሲጠራ ገባች። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሱቄ መጥታ ሁለት ሜትር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር «ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ወፍሬያለሁ» አለችኝ። «ይታወቃል» አልኳት፣ «ሁለት ጣት ትርፍ እተውልሻለሁ፣ እኔም የራሴን እንደዚያ ነው ያደረግሁት።» ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዋን ከኔ ጋር አንድ ቀን አስደርጋዋለች። ሰኞ አንሄድም፤ የደሴ ገበያ ቀን ስለሆነ መኪናው ይጨናነቃል።