የተራቆተችው ወይስ የተመቸችው? የሜዳ ስፖርት መኪና ለምትገዙ

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቅዳሜና እሁድ ውድድር ሜዳ ላይ የምነዳት መኪና ልገዛ ነው። የተራቆተችውን ልውሰድ ወይስ ምቾት ያላትን?» የተራቆተች የሚሏት እንድትቀል ተብሎ የምቾት ዕቃዋ የተነሳባትን ነው። ለመጀመሪያው በስልክ አንድ ሰዓት አስረዳሁት። ለሁለተኛው አሳጠርኩት። ሦስተኛው ሲደውል ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልኩ።

መልሴን ከአሁኑ ልናገር። ምቾት ያላትን ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና አሠልጣኝ ላይ አውሉት። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው፤ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የፈረስ ጉልበት ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሰከንድ ትደርሳለች የሚለውን እዚህ አትፈልጉት። እሱን ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የእኔ ጉዳይ ኪሎና ገንዘብ ነው።

ድሮ ለምቾት ነበር የሚከፈለው

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ፖርሸ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1972 መጨረሻ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7ን ሲያቀርብ ዋጋዋ 34,000 የጀርመን ማርክ ነበር። ገዢው ከዚያ በኋላ ይመርጣል። ኤም471 የሚባለው የስፖርት ጥቅል 700 ማርክ ያስጨምራል፤ መኪናዋ 960 ኪሎ ትመዝናለች። ኤም472 የሚባለው የምቾት ጥቅል፣ ቱሪንግ፣ ደግሞ 2,500 ማርክ ያስጨምራል፤ ክብደቷ 1,075 ኪሎ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ያኔ ርካሹ ቅለት ነው። ውዱ ምንጣፍና የኋላ ወንበር ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ምን መረጠ? ከ1,580ዎቹ መኪኖች 1,308ቱ ቱሪንግ ናቸው። ስፖርቷን የወሰዱት 200 ሰዎች ብቻ። ዛሬ እነዚያ 200ዎቹ ከቱሪንጓ በብዙ ይበልጥ ይሸጣሉ፤ «የተራቆተች መኪና ኢንቨስትመንት ናት» የሚሉ ሰዎችም ይህንኑ ይጠቅሳሉ። የተወደደው ግን ጥቂትነቷ ነው እንጂ ቅለቷ አይደለም። እናንተ የምትገዟት ከጥቂቶቹ አንዷ ካልሆነች ይህ ታሪክ አይመለከታችሁም።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። የሚከፈለው ለሚነሳው ዕቃ ነው። የ2018ቷን 911 ጂቲ2 አርኤስ ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ መነሻዋ 293,200 ዶላር ነበር። ቫይሳክ የሚባለው ጥቅል በላዩ 31,000 ዶላር ይጨምራል፤ የካርቦን ጣሪያ፣ የማግኒዚየም ቸርኬና ሌላም ሌላም ይገኝበታል። የሚቀንሰው 18 ኪሎ ገደማ። አካፍዬ ሳየው ለአንድ ኪሎ ከ1,700 ዶላር በላይ መጣ። ስሙ ወንበሩ ላይ ተጠልፎ ይመጣል፤ ክሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን እንጃ።

የባትሪውም ታሪክ ያው ነው። ፖርሸ በ2010 ለ911 ጂቲ3 የሊቲየም ባትሪ በ1,904 ዩሮ አቀረበ። ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች ነው፤ ከተለመደው ከ10 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ለኪሎ 190 ዩሮ ገደማ መሆኑ ነው። ከቫይሳኩ አንጻር ቅናሽ በሉት። ግን ሊቲየሙ በብርድ ስለሚሰንፍ የተለመደውም ባትሪ አብሮ ይሰጥ ነበር። ሁለት ባትሪ ገዝታችሁ አንዱን ቤት ታስቀምጣላችሁ።

በነጻ የሚገኘውን ቅለት ደግሞ ማንም አያወራውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ60 ሊትር ታንክ ሞልታችሁ ከምትወጡ ሩቡን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ከ30 ኪሎ በላይ ቀነሳችሁ። ስኮርታውንና ክሪኩን አውርዱ፤ ሌላ ቀነሳችሁ። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት 7 ኪሎ ቀንሻለሁ። በቫይሳክ ዋጋ ሲሰላ 12,000 ዶላር አተረፍኩ ማለት ነው።

ኪሎው የሚወጣው ከየት ነው?

የቢኤምደብሊው ኤም4 ሲኤስኤል ጥሩ ማሳያ ናት፤ ፋብሪካው እያንዳንዱን ዘርዝሮ አሳይቷል። በ2022 ስትወጣ ካልተራቆተችው እህቷ ከኤም4 ኮምፒቲሽን 100 ኪሎ ቀልላ ነው። የፊቱ የካርቦን ወንበሮች 24 ኪሎ ሰጡ። የኋላው ወንበር መነሳቱ 21። የድምፅ መከላከያው መቀነሱ 15። ፍሬኑ፣ ቸርኬውና ሞላው አንድ ላይ 21። ሰው ሁሉ ተጠግቶ ፎቶ የሚያነሳቸው እነ የካርቦን ኮፈን ደግሞ 11 ብቻ።

ወንበሩንና የድምፅ መከላከያውን ደምሩት፤ 60 ኪሎ ይመጣል። ከመቶው ከግማሽ በላይ የሚከፈለው በወገብና በጆሮ ነው። ያ ሁሉ ተደርጎም መኪናዋ 1,625 ኪሎ ትመዝናለች። ከበድ ያለች መኪና አክስተው ቀላል ሊያደርጓት አይችሉም፤ ትንሽ የከሳች ከባድ መኪና ትሆናለች እንጂ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የ2021ዷ 911 ጂቲ3 በአውቶማቲክ ማርሽ 1,435 ኪሎ ናት። በሮቿና ኮፈኗ ካርቦን የሆነችው ጂቲ3 አርኤስ ግን 1,450። የሜዳዋ መኪና ከበደች! ምክንያቱ ትልቁ ክንፍና እሱን የሚሸከመው ነገር ሁሉ ነው። መሐንዲሶቹ ጥቂት ኪሎ ከፍለው በ285 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 860 ኪሎ ወደ መሬት የሚጫን የአየር ኃይል ገዝተዋል። እነሱ እንኳ ቅለትን ጣዖት አላደረጉትም። እኛ ምን ቤት ነን?

የእኔው ቁስል፦ ቸርኬ

ቸርኬ ሲቀል ጥቅሙ እውነት ነው። ከሞላው በታች ያለ፣ ያውም የሚሽከረከር ክብደት ነው፤ መሪው ላይ ወዲያው ይታወቃል። ቲኢ37 የሚባለውን የጃፓን ቸርኬ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1996 የወጣ ነው። ስሙ ላይ ያለው 37 የመጣው ባለ 15 ኢንቹ፣ 6 ኢንች ስፋቱ፣ 3.7 ኪሎ ስለሚመዝን ነው።

የዋናውን ዋጋ ሰምቼ ደነገጥኩ። አንድ ሻጭ ቁርጥ እሱን የሚመስል ቸርኬ በሲሶ ዋጋ አቀረበልኝ። «ያው ነው ወንድሜ፣ ፎርጅድ ነው» አለኝ። በቸርኬ ሰዎች አነጋገር ፎርጅድ ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሳይሆን በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ፎርጅድ ምን ማለት እንደሆነ ግን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። የእኔው በእኛ ትርጉም ሆኖ ተገኘ።

ቤት ወስጄ ሚዛን ላይ ሳወጣው ከድሮው ቸርኬዬ የቀለለው በ400 ግራም ነው። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም፤ መልኩ አምሮኝ ነበር። አራተኛ ጊዜ ሜዳ ስወጣ የመታጠፊያውን ጠርዝ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ረገጥኩ። ቀጥታው መንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገብቼ ስቆም የፊት ግራ ጎማ ግማሽ አየር የለውም። መካኒኩ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ አየና ዝም ብሎ ጠራኝ። ከአንዱ ክንድ ሥር የተነሳ ስንጥቅ የቸርኬውን ውስጥ ሩብ ዙሪያ ሄዷል። «ዛሬ እናትህ ጸልያለች» አለኝ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አራቱም ቸርኬ ተጣለ። ሁለት ጎማ አብሮ ሄደ። የዚያ ቀን የሜዳ ክፍያ ተበላ። በመጨረሻ ዋናውን ገዛሁ። የቆጠብኩ መስሎኝ ከዋናው ዋጋ ግማሽ ያህል በላዩ ጨመርኩ። «ብየዳ ይይዘዋል» ያለኝም ሰው ነበር። እንዳትሰሙ፤ የብየዳው ሙቀት አሉሚኒየሙ በሙቀት ሕክምና ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ካኮረፈ መልሱን አገኛችሁ። ጄደብሊውኤል የሚለው የጃፓን የቸርኬ ደረጃ ምልክት ብቻውን አያሳምናችሁ፤ አምራቹ ራሱ የሚያትመው ነው። ቪአይኤ የሚለው በሌላ አካል የሚመዘገብ ስለሆነ የተሻለ ነው፤ ግን እሱንም አስመስሎ ማተም ለሚፈልግ ሰው ከባድ አይደለም።

የካርቦን ኮፈንም እንደዚሁ። ርካሾቹ ከላይ አንድ ስስ ካርቦን፣ ከሥር ፋይበር ግላስ ናቸው። አንዳንዱ ከፋብሪካው አሉሚኒየም ይከብዳል። በዓመት ውስጥ ፀሐይ ቢጫ ታደርገዋለች። ኮፈኑ በፍጥነት ላይ ተነቅሎ መስታወቱን እንዳይመታው ተጨማሪ መያዣ ፒን ያስፈልገዋል፤ ፒኑን የሚያስገባው ሰውም ያስከፍላችኋል።

ወንበር ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። 8855-1999 የሚለው ደረጃ ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ 8862-2009 ለ10 ዓመት። ስለዚህ ያገለገለ ወንበር ስትገዙ የተሠራበትን ዓመት ፈልጉ፤ ካለፈበት ብዙ ውድድር ሜዳዎች ለውድድር አይቀበሉትም። አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት መደገፊያውን በሁለት እጅ ያዙና ወደ ኋላ ግፉት። እንደ ካርቶን ከታጠፈ ትታችሁ ውጡ። የፋብሪካውን ወንበር ስታወጡ ኤርባጉና ሴንሰሩም አብሮ ይወጣል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ የዓመታዊ ምርመራ ሰዎች ይህን አይወዱም። ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ በተራ ወንበር ላይ ማሰርም አደጋ አለው። በእግር መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ከሌለ በግጭት ጊዜ ሰውነት ከቀበቶው ሥር ይሾልካል።

የሴራሚኩ ፍሬን

በዚህ ላይ አጭር ነኝ። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ከብረቱ በግማሽ ገደማ ይቀልላል። በጂቲ3 ላይ አማራጩ ከ9,000 ዶላር በላይ ነው። መንገድ ላይ ብቻ ከነዳችሁት ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሜዳ ላይ ግን ሙቀቱ ካርቦኑን ቀስ እያለ ያቃጥለዋል። መካኒኩ ጎማ ሲያወጣ ቸርኬውን ካጋጨው ጠርዙ ይሸረፋል። ለዚህ ነው ሜዳ የሚመላለሱ ብዙ ሰዎች የፋብሪካውን ሴራሚክ አውጥተው በሳጥን የሚያስቀምጡትና ብረት የሚያስገቡት። መኪናውን ሲሸጡ ይመልሱታል። ብረቱ ሲያልቅ ይጣላል፤ እንቅልፍ አይነሳም።

ምቾት ማለት ስንፍና አይደለም

ወደ ሜዳ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መንገድ ላይ ይነዳል። ሁለት ሰዓት በሚጮኽ፣ በሚያንቀጠቅጥ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትደርሱ ደክማችኋል። የተራቆተች መኪና ያለው ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቀድሞን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ እስኪዘጋ እዞራለሁ። ፍጥነት የሚመጣው ከዙር ብዛት ነው፤ ዙሩን የሰጠኝ ደግሞ ወንበሬ ነው።

ኤሲም እንዲሁ። ማክላረን 675ኤልቲን ሲሠራ ኤሲውን አውጥቶ 16 ኪሎ ቀነሰ። ነገር ግን ገዢው ከጠየቀ ያለ ክፍያ መልሶ ያስገባለት ነበር። ካገኛችሁ አስገቡት። ሄልሜት አድርጋችሁ ወረፋ ስትጠብቁ ታመሰግኑኛላችሁ። ዝናብ ሲመጣ መስታወቱን ከጉም የሚያጸዳላችሁም እሱ ነው።

«ቅለት የግድ ነው» ካላችሁ

ያኔ ከመጀመሪያው ቀላል ሆና የተወለደች መኪና ፈልጉ። የ1996ቷ ሎተስ ኤሊስ 725 ኪሎ ገደማ ነበረች። ማዝዳ ለጃፓን ገበያ ያወጣት የኤምኤክስ-5 990ኤስ ስሟ ክብደቷ ነው። አልፒን ኤ110 ደግሞ 1,100 ኪሎ ገደማ ሆና ኤሲም፣ ሬዲዮም፣ ሻንጣ ማስቀመጫም አላት፤ የሳቤልት ወንበሯ አንዱ 13.1 ኪሎ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሷ ናት። ጎማዋ ቀጭን ስለሆነ ርካሽ ነው፤ የፍሬን ሸራዋ ቶሎ አያልቅም። ቅለት ገንዘብ የሚቆጥበው እንዲህ ሲሆን ነው።

ነውር አላት? አላት። የኤሊስም የአልፒንም ሻሲ በማጣበቂያ የተያያዘ አሉሚኒየም ነው። ከባድ ግጭት የደረሰበትን ቀጥ አድርጎ መመለስ ማንኛውም ጋራዥ የሚችለው ሥራ አይደለም። ኤሊስ ላይ ደግሞ የፊቱ ሽፋን አንድ ወጥ ትልቅ ፋይበር ግላስ ነው፤ ትንሽ የጥግ ግጭት ሙሉውን ያስወርዳል። ያገለገለ ስትገዙ ሽፋኑን ከሥር በባትሪ እዩት። የተደፋፈነ ስንጥቅ ከውስጥ በኩል አይደበቅም።

የተራቆተችው የምትሆነው ለማን ነው? መኪናውን በተጎታች ጭኖ ለሚወስድ፣ ለሚጎትተውም ሁለተኛ መኪና ላለው፣ ሰዓት ተይዞለት ለሚወዳደር ሰው። ሦስተኛው ጓደኛዬ ተጎታች የለውም። ትናንት ደውሎ ምቾት ያላትን እንዳገኘ ነገረኝ። «ቸርኬው ግን ተቀይሯል፤ ፎርጅድ ነው ብሎኛል» አለ። ሚዛኔን ይዤ ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ።